የተከረከመ ጭራ

መጀመሪያ የሞተ ጥጃ መስሏቸው ነበር።

ገንዳው ከሮቤ ወደ አጋርፋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከከብት ማቆያው በረት ጀርባ ነው። ድሮ ከብት ከመዥገር እንዲጸዳ መድኃኒት በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ እየዋኘ የሚያልፍበት ጠባብና ጥልቅ የሲሚንቶ ቦይ ነበር። መድኃኒቱ ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሁን የዝናብ ውሃ፣ እበትና ሰው የጣለው ነገር ሁሉ ይጠራቀምበታል። እሑድ ጠዋት የበረቱ ዘበኛ አረንጓዴውን አተላ በእንጨት ገፋ ሲያደርገው ከሥሩ ሰማያዊ ጋዋን ብቅ አለ።

ኢንስፔክተር ሴና ስትደርስ አስከሬኑ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ሽታው ከአስከሬኑ አልነበረም፤ ከገንዳው ነበር። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ልትይዝ ፈልጋ ሰዎች ስላሉ ተወችው።

«ዶክተር ፊሊጶስ ነው» አለ ሳጅን ከማለዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኢናሊላሂ። አምና የእናትሽን ላም ያዋለደው።»

ከማለዲን በዕድሜ በጣም ይበልጣታል። ሰው ፊት «እርስዎ» ይላታል፤ ሰው ሲርቅ «አንቺ»። ፊሊጶስ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ነበር። ከደቡብ መጥቶ ሰባት ዓመት እዚሁ ሠርቷል።

የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም «ቅዳሜ ጠዋት ይመስለኛል» አለ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ውሃ ጠጥቷል። ከደረት ኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ወጣ። ጽሑፉ በእርሳስ ስለሆነ ውሃው አላጠፋውም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሦስት አጫጭር መስመሮች ነበሩ።

ሦስት ቀበሌ።
ቁስሉ ሁሉ የአንድ ቀን።
ጭራው ለምን?

«ስለ በሽታው መሆን አለበት» አለች ሴና።

በሽታው አፍተግር ነው። የከብቱን አፍና ሰኮና ያቆስላል፣ ለሃጭ ያዝረበርባል። ትልቁን ከብት ብዙም አይገድልም፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ይድናል። ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ይተላለፋል። ለዚህ ነው ከብት በመንገድ እንዳይነዳ፣ የታመመውም ማቆያው በረት እንዲገባ የታዘዘው። ትእዛዙን የፈረመው ፊሊጶስ ራሱ ነበር።

ከበረቱ አጥር ሥር ደም የነካው ዱላ ተገኘ። እጀታው ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ዘበኛው ሳይጠየቅ ተናገረ።

«የኦቦ ጉተማ ነው። ሐሙስ ከዶክተሩ ጋር ተጣልተው ነበር። ‹ከብቶቼን ካልለቀቅህ አንተንም እዚህ ገንዳ ውስጥ እነክርሃለሁ› ሲሉ ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

*

ጉተማ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸውን የማያወልቁ ገበሬ ናቸው። ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ኦቦ ጉተማ፣ ቅዳሜ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ማን አየዎት?»

«ቤቴ።»

«ቤት አያይም» አለ ከማለዲን።

«የአንተ ይሆናል።»

«ዱላው የእርስዎ ነው?»

«ነው። ሐሙስ ዘበኛው ነጥቆኝ በረቱ ውስጥ ወረወረው። ጠይቁት።»

«እነክርሃለሁ ብለዋል?»

«ብያለሁ። ለሚስቴም እላለሁ። አርባ ዓመት ብያታለሁ፤ እስካሁን ደረቅ ናት።»

ከማለዲን ሳቁን በሳል ደበቀው። ሴና ወደ ሰውየው እግር አየች። በጣቶቻቸው መካከል ነጭ አመድ የሚመስል ጭቃ ደርቋል። የሮቤ አፈር ጥቁር ነው። ጉተማ ዓይኗን ተከትለው እግራቸውን ወደ አግዳሚው ሥር ሳቡ።

«እኔ ልጠይቅሽ፣ ልጄ» አሉ። «ዶክተሩ እዚያ ብቻውን ምን ያደርግ ነበር? የበሬ አፍ አንድ ሰው ብቻውን አይከፍትም። አንዱ አፍንጫውን ይይዛል፣ ሌላው ያያል።»

ሴና ይህን ጻፈችው።

«ደግሞ ይህንንም ጻፊ። በረቱ ውስጥ አሥራ አንድ ከብት አለኝ። ሐሙስ አሥራ አራት ቀን ይሞላቸዋል። ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ካላወጣቸው ወደ ሰማያዊው በር ይገባሉ። ሰማያዊው በር የገባ ከብት አይወጣም። እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ።»

ሰማያዊው በር የሚሉት ከሮቤ ወጣ ብሎ የተሠራውን የሥጋ ላኪ ድርጅት ቄራ ነው። በስሙ የሚጠራው ሰው የለም።

አለቃዋ ኮማንደሩ ከሰዓት በኋላ ደወለ። «ዱላ አለ፣ ዛቻ አለ፣ ሰውየው አለ። ምን ቀረሽ?»

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «አፍንጫውን የያዘው ሰው።»

*

የእንስሳት ጤና ቢሮው ሁለት ክፍልና አንድ ዕቃ ቤት ነው። ሰኞ ጠዋት ረዳቱ መሸሻ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ሃያ ዓመት በዚህ ወረዳ ከብት ከትቧል።

«ከአንድ ሳህን ነው የበላነው» አለ። «ያንን ሽማግሌ እንዳትለቁብኝ።»

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ሪራ። ወደ ሐረና ጫካ የወረዱ ከብቶች ታመው እንደሆነ ልይ ብዬ ዓርብ ከሰዓት ሄድኩ። የተመለስኩት ትናንት ማታ ነው። መርዶውን መንገድ ላይ ሰማሁ።»

«ዶክተሩ በረቱ ጋ ምን ሊሠራ የሄደ ይመስልዎታል?»

«እኔ እንጃ። ናሙና ሊወስድ እንዳልል፣ ናሙና ያለ አይስቦክስ አይወሰድም። አይስቦክሶቹ ደግሞ አራቱም እዚህ ናቸው። ይምጡ፣ ይዩ።»

ቁልፉ በክር ታስሮ አንገቱ ላይ ነበር። ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ ዕቃ ቤቱን ከፈተ።

«ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። ስተኛም አላወልቀውም። በሃያ ዓመት አንድ መርፌ ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

እውነቱን ነበር። ሁሉም ነገር በቦታው ነው። መቀሶቹ ተደርድረዋል፣ ገመዶቹ ተጠቅልለዋል። በመደርደሪያው ላይ ቁጥር የተቀባባቸው አራት ብርቱካናማ አይስቦክሶች አሉ። ሦስቱ ክዳናቸው ላይ አቧራ አለ። አራተኛው ንጹሕ ነው፤ የክዳኑ ማያያዣ ግን ተሰብሯል።

መሸሻ እስከ በሩ ሸኛት። ሲሰናበት እጇን በሁለት እጁ ያዘ። እጁ በእንባ ረጥቦ ነበር። ሴና መኪና ውስጥ ስትገባ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች፤ ለምን እንደጠረገች ግን አላወቀችም።

*

ሰማያዊው በር ጋ ከከማለዲን ጋር ስትደርስ የደምና የሳሙና ሽታ አንድ ላይ ተቀበላት። በጫማዋ ላይ ላስቲክ አጠለቁላት። የግዢ ኃላፊው ክብሩ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የእጅ ማጽጃ ነበር፤ ከእሷ ጋር ከመጨባበጡ በፊትም ከተጨባበጠ በኋላም እጁን አሸ።

ከመስተዋቱ ባሻገር የተገፈፉ በሬዎች በሰንሰለት ተንጠልጥለው አንድ በአንድ ያልፋሉ።

«ዶክተር ፊሊጶስ ትልቅ ሰው ነበር» አለ። «ከልባችን አዝነናል። የሐዘን መግለጫ እያዘጋጀን ነው።»

«የታመመ ከብት ለምን ትገዛላችሁ?»

«ለኅብረተሰቡ ብለን። ገበሬው ገበያ ከተዘጋበት የት ይሸጣል? ሥጋው ደግሞ ምንም ችግር የለበትም። አጥንቱ ወጥቶ ነው የሚላከው።»

«ዋጋውን ማን ይወስናል?»

«ገበሬው ነፃ ነው። ለፈለገው ይሸጣል።»

«ከእናንተ ሌላ ማን አለ?»

«ያ የገበያ ጉዳይ ነው» አለ ክብሩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሐሙስ ሐሙስ ከሻሸመኔና ከአዳማ አምስት ስድስት ነጋዴ ይመጣ ነበር። ድርጅቱ መጀመሪያ የከብት ማቆሚያውን ሜዳ ተከራየ። ቀጥሎ የጭነት መኪኖቹን ያዘ። ከዚያ ሚዛኑ የእሱ ብቻ ሆነ። ነጋዴዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ሴና ይህን ሁሉ እንደማንኛውም የከተማው ሰው ታውቀው ነበር፤ እንደ ወንጀል አስባው ግን አታውቅም።

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«አዲስ አበባ፣ ስብሰባ ላይ። ሃያ ሰው ይመሰክራል።» ስልኩን ከፍቶ ፎቶ አሳያት። ጠረጴዛው በምግብ ተሞልቷል፣ ከኋላው የሰዓቱና የቀኑ ሰሌዳ አለ።

ሲነሱ አንዲት ልጅ በሰሃን የተጠበሰ ሥጋ ይዛ ገባች። «ከታመመው አይደለም» ብሎ ሳቀ ክብሩ። ከማለዲን አንድ ቁራጭ አነሳ፤ የሴናን ፊት አይቶ መልሶ አስቀመጠው።

ግቢው ውስጥ ቀይ ሞተር ብስክሌት ቆሟል። «ለእንስሳት ጤና ቢሮ እናውሰዋለን» አለ ክብሩ። «ይህም ለኅብረተሰቡ ነው።»

ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር የሚወጣው ቦይ ቀይ ውሃ ወደ ወንዙ ያፈስ ነበር። ሁለት ውሾች እየላሱት ነው።

«ይሄኛውስ ለማን ነው?» አለ ከማለዲን።

*

ነጩ ጭቃ የሚገኘው ሆራ ጋ ነው። ሆራ ከብት የሚወደው ጨዋማ ምንጭ ነው፤ ከጉተማ ቤት በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ማክሰኞ ጠዋት ሲደርሱ ጉም ገና አልተነሳም። አዴ ሲምቦ የምንጩን ተራ የሚያስከብሩ አሮጊት ናቸው፤ ብርድ ልብስ ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልተን፣ አዴ» ብሎ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀ ከማለዲን።

«ሰላም ነው። ፖሊስ ጨው አይልስም፤ ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ኦቦ ጉተማ ቅዳሜ እዚህ መጥተው ነበር?» አለች ሴና።

አሮጊቷ ብርድ ልብሳቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ።

«አዴ፣ መጥተው ከነበር ሰው አልገደሉም ማለት ነው።»

«ጎህ ሲቀድ መጣ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ እዚሁ ነበር። ዳለቻ የሚባለውን በሬውን ከማቆያው ደብቆት ነው። አፉ ቆስሏል፤ ሆራ ደግሞ ቁስል ያደርቃል።»

«ታዲያ ለምን ቤቴ ነበርኩ አሉ?»

«በክልከላ ጊዜ በሽተኛ በሬ ነዳሁ ቢልሽ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ይቀጣሉ» አለ ከማለዲን።

«እንግዲህ» አሉ ሲምቦ።

ሴና ከአጠገባቸው ተቀመጠች። «የእርስዎስ ከብቶች ታመዋል?»

«አራቱም። ያ ሰውዬ አፋቸውን ካጠበ በኋላ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ጭምብል ያደረገ፣ ጓንት ያጠለቀ። በቀይ ሞተር መጣ። ፊቱን አላየሁም፤ ዓይኔም ደክሟል። የአፍ መድኃኒት ነው ብሎ ከቆርቆሮ ጨርቅ አውጥቶ ድዳቸውን አሸው። ጭራቸውን ከርክሞ ሄደ። በሳምንቱ ለሃጫቸው ተዝረበረበ።»

ሴና ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ጨርቁ ምን ይሸት ነበር?»

ሲምቦ በጣታቸው አፍንጫቸውን ነካ አደረጉ።

«ለሃጭ» አሉ። «ያኔ ነው ማወቅ የነበረብኝ። በአባቴ ጊዜ ማሳ፣ እናንተ አፍተግር የምትሉት በሽታ፣ ሲገባ የታመመውን ለሃጭ በጨርቅ ጠርገን የቀሩትን አፍ እናሽ ነበር። መንጋው አንድ ላይ ይታመማል፣ አንድ ላይ ይድናል፤ በሽታው ክረምቱን ሙሉ ከአንዱ አንዱ እያለ አይቆይም። ግን ሰው በራሱ ከብት ነው የሚያደርገው። ሽማግሌ መርቆ ነው። በሰው ከብት፣ ዋሽቶ...» ወደ ጎን ምራቃቸውን ተፉ።

ተነስተው ወደ መኪናው ሲሄዱ ሴና «ጭራ ለምን ይከረከማል?» አለች።

«ይሄንማ እኔም አውቃለሁ» አለ ከማለዲን። «ክትባት ሲሰጡ የተወጋውን ካልተወጋው ለመለየት የጭራውን ጫፍ ፀጉር ይቆርጣሉ። አለበለዚያ አንዱን ሁለት ጊዜ ይወጉታል።»

ሴና ቆመች። ፊሊጶስም ይህን ያውቅ ነበር። የጠየቀው መከርከም ምን እንደሆነ አልነበረም። ከብቶቹ ሳይከተቡ ማን እንደከረከማቸው ነበር።

*

በረቱ ውስጥ መቶ የሚደርስ ከብት ጭቃ ላይ ቆሟል። ከአፋቸው የተንጠለጠለው ለሃጭ እስከ መሬት ይደርሳል። አንዳንዱ ሰኮናው ስላመመው እግሩን እያነሳ ይጥላል። ጆሯቸው ላይ የቄራው ቢጫ ቁጥር ገና ሳይሸጡ ተመትቶባቸዋል።

ከማለዲን ሱሪውን ሰብስቦ በመካከላቸው ዞረ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ዋላሂ፣ ከአንድ በሬ በቀር የሁሉም ተከርክሟል። የሦስቱም ቀበሌ። ሁሉም ከግራ ወደ ቀኝ ሰያፍ ተቆርጦ፣ ልክ በአንድ መቀስ።»

«በአንድ እጅ» አለች ሴና።

«ክብሩ ነው። ገበያው ሲዘጋ የሚጠቀመው እሱ ብቻ ነው።»

«ክብሩ ነጭ ካፖርቱ እንዳይቆሽሽ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። የበሬ አፍ ውስጥ እጁን አይከትም። የሚከት ሰው ያውቃል እንጂ።»

«አንድ ቀን ተኩል ቀረሽ» አለ ከማለዲን። ሰዓቱን ሳይሆን የጉተማን ከብቶች እያየ ነበር።

*

ረቡዕ ጠዋት ጁሀራ ቤት ሄዱ። ፊሊጶስ ከእሷ ግቢ ነበር ክፍል የተከራየው። ጁሀራ በሯ ላይ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ትሸጣለች፤ ለቅሶው ግቢዋ ስለሆነ ማቀዝቀዣዋ ላይ ብርጭቆ ተደርድሯል።

«አዴ ጁሀራ፣ ቅዳሜ ሲወጣ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ እንጂ። እኔ ነኝ በረዶ የሰጠሁት።»

«የምን በረዶ?»

«ለሣጥኑ። ያ ብርቱካናማው። ዓርብ በምሳ ሰዓት ከቢሮ ይዞት መጣ፤ ቢሮ መብራት ስለሌለ በረዶ ስጪኝ አለ። ቅዳሜ በጠዋት አራት ጠርሙስ በረዶ ከተትኩለት። ክዳኑ አልዘጋ ሲለው በአረንጓዴ ሻሼ ቁራጭ አሰርኩለት። ‹ሰው ቀጥሬያለሁ፣ ቶሎ እመለሳለሁ› ብሎ ሄደ።» ዓይኗን ጠረገች። «ማያያዣው የተሰበረ ሣጥን ማን ለሰው ይሰጣል? ሞኝ ስለሆነ ነው የማይረባውን የሚሰጡት።»

ሴና ከማለዲንን አየችው። እሱም አያት።

ዓርብ ቀን የወጣው ሣጥን ሰኞ ጠዋት ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ነበር። ዕቃ ቤቱ አንድ ቁልፍ ብቻ አለው። ቁልፉ ከባለቤቱ አንገት አይወርድም። ባለቤቱ ደግሞ እስከ እሑድ ማታ ሪራ ነበርኩ ብሏል።

*

መሸሻ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገመድ ይጠቀልል ነበር። ሴና ማያያዣው የተሰበረውን አይስቦክስ አወረደችና ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ ተፍቋል። ከታች፣ ማዕዘኑ ላይ ግን የገንዳው ሽታ አልወጣም። አንገቷን ወደ ኋላ አለች። ከማለዲን ከመደርደሪያው ጀርባ እጁን ሰድዶ እርጥብ የሆነ አረንጓዴ የሻሽ ቁራጭ አወጣ፤ እጥፍ ተደርጎ ተቀምጦ ነበር።

«ይሄን እንኳ አልጣልክም» አለች ሴና። እስካሁን «እርስዎ» ስትለው የቆየችው ሰው አሁን «አንተ» ሆነ።

መሸሻ ገመዱን መጠቅለል አላቆመም።

«ሣጥኑን ለምን መለስከው?»

«በእኔ ስም የተመዘገበ ነው» አለ። «የት ልጣለው?»

«ናሙናውስ?»

«ገንዳው ውስጥ።» የገመዱን ጫፍ ቋጠረ። «ሪራ ሳለሁ ዓርብ ማታ ደወለልኝ። ‹የሆነ ነገር አለ፣ ካንተ ሌላ የማምነው ሰው የለም፣ ና ከብት ያዝልኝ› አለኝ። ሌሊቱን በሞተር መጣሁ። አምስት በሬ ያዝኩለት። ስድስተኛው ግን ጭራው አልተከረከመም ነበር፣ አምልጦኝ። እሱ ጤነኛ ነው። ዶክተሩ ጭራውን አየ፣ አፉን አየ። ከዚያ እጄን አየ፤ ሰያፍ አቆራረጤን ያውቃል። ምንም አላለኝም። ‹መሸሻ› ብቻ ነው ያለው። ሊሄድ ዞረ። ዱላው እዚያ ወድቆ ነበር።»

«ባትከረክም ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር» አለ ከማለዲን።

«ሁለት ጊዜ እንዳልነካቸው ነው። ሁለት ጊዜ ከታሸ ይከፋበታል። አሳዘኑኝ።»

ሴና የአይስቦክሱን ክዳን ከደነች። በሩን ይዛ ውጭውን እያየች ቆየች። ስትዞር ድምፅዋ እንደ ቅድሙ ነበር።

«ክብሩ ምን አለህ?»

«ምንም አላለኝም። ሻይ እየጠጣን ‹ገበያው ለጥቂት ሳምንት ቢዘጋ የማቆያ ጣቢያው ቋሚ ይሆናል። ቋሚ ጣቢያ ደግሞ ልምድ ያለው ኃላፊ ይፈልጋል› አለ። ከዚያ ሞተሩን አዋሰኝ።»

«በሽታ አሰራጭ አላለህም?»

«አላለኝም።»

«ከብት የሚባል ቃል አንስቷል?»

መሸሻ አሰበ። እውነትም አሰበ። «አላነሳም» አለ።

*

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቄራው መኪና በረቱ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። መወጣጫው ወርዷል። ክብሩ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ከአሽከርካሪው ጋር ያወራል።

ሴና ጉተማን ከጣቢያ አስፈትታ በፖሊስ መኪና ይዛቸው መጣች። ከማለዲን የወረቀት ማኅተምና ክር ይዟል።

«እነዚህ ከብቶች አይጫኑም» አለች።

«አሥራ አራት ቀን ሞልቷቸዋል። ትእዛዝ አለ።»

«የተከረከመ ጭራቸው የወንጀል ማስረጃ ነው። ሁሉም ኤግዚቢት ናቸው። ቁጥራቸው ተይዞ ለየባለቤቶቻቸው በአደራ ይሰጣል።»

«ኤግዚቢት?»

«ኤግዚቢት» አለ ከማለዲን፣ የመጀመሪያዋ ላም ቀንድ ላይ ክር እያሰረ። «በሥራ ዘመኔ የሚያመነዥግ ማስረጃ ስይዝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ክብሩ ከኪሱ ትንሽ የማጽጃ ጠርሙስ አውጥቶ እጁን አሸ። «ኢንስፔክተር፣ ስለ መሸሻ ሰማን። በጣም ያሳዝናል። የግለሰብ ችግር ነው። እኛ ሞተር ብቻ ነው ያዋስነው። ሞተር ማዋስ ወንጀል ነው?»

አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የሕጉን መጽሐፍ ስታገላብጥ ያደረችው ይህንኑ ለማግኘት ነበር። ዐቃቤ ሕጉም ከመኝታው ተነስቶ በስልክ ያላት ያንኑ ነው፤ ሻይ መጠጣትና ሞተር ማዋስ አይከሰስም።

ጉተማ አሥራ አንዱንም በስማቸው እየጠሩ አወጧቸው። ለሴና ምንም አላሉም። በአጠገቧ ሲያልፉ ግን ዱላ በሌለው እጃቸው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉት፤ ጥሩ ያረሰን በሬ እንደሚያደርጉት።

*

ገበያው ከአምስት ሳምንት በኋላ ተከፈተ። ፍርድ ቤቱ የጭራዎቹን ፎቶግራፎች በማስረጃነት ተቀብሎ ከብቶቹን ለባለቤቶቻቸው ለቆ ነበር። ከዚያ በፊት የማቆያ ጣቢያው ቋሚ ሆኗል። ከባሌ ደጋ የሚወጣ ከብት ሁሉ መጀመሪያ በዚያ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ሰማያዊው በር ነው። ከሻሸመኔ አንድ ነጋዴ መጥቶ ይህን ሲሰማ መኪናውን አዙሮ ሄደ። ኃላፊ የሚፈለግ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፏል።

ሴና ሥራ አልነበራትም። ዝም ብላ መጣች።

ጉተማ ዳለቻን ይዘው ሚዛኑ ጋ ተራ ላይ ነበሩ። የስንዴ ዘር የሚገዙበት ጊዜ ደርሷል። በሬው ድኗል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል። ክብሩ ዞሮ አየው። ከኋላው ቆሞ ጭራውን በሁለት ጣቱ አነሳ።

«ይሄ ተከርክሟል» አለ ለጸሐፊው። «ታሞ የዳነ ነው። ሦስተኛ ደረጃ።»

ጉተማ ወደ ጸሐፊው አላዩም። በሰዎቹ መካከል ሴናን ፈልገው አዩ። ሴና ወደ ጭራው አየች። የሚያስከስስ ነገር አልተባለም። ጭራው ተከርክሟል፤ በሬውም ታሞ ነበር።

«ሌላ ገዢ አለ?» አሉ ጉተማ።

«ለፈለጉት መሸጥ ይችላሉ» አለ ክብሩ።

ሽማግሌው ከዳለቻ አንገት ላይ ገመዱን ፈቱ። ሻጭ ገመድ አይሸጥም። ክንዳቸው ላይ ቀስ ብለው ጠቀለሉት፣ ከክርን ወደ መዳፍ፣ ከመዳፍ ወደ ክርን።

«ኤግዚቢት ቢሆን ይሻለው ነበር» አሉ ለከማለዲን።

ከማለዲን አልሳቀም።

በሬው በሚዛኑ ላይ አለፈና ወደ ሰማያዊው በር መራመድ ጀመረ። ጀርባውን ዝንብ ወርሮታል። ጭራውን ወደ ግራ ወዘወዘ፣ ወደ ቀኝ ወዘወዘ። ዝንቦቹ ጋ አልደረሰም።